የሚነዘንዝ የተረከዝ ጅማት ይዞ በጭቃ አገር አቋራጭ መሮጥ፦ ከሱሉልታ ሜዳ እስከ እንጦጦ ተዳፋት

ይህ መመሪያ የተጻፈው የተረከዝ ጅማቱ ለሳምንታት ሲነዘንዘው ለቆየ፣ ግን ላልተበጠሰ፣ ለክረምቱ ውድድር ስሙን አስመዝግቦ ለመቅረት ልቡ እሺ ላላለው ሯጭ ነው። ሙሉ ጤነኛ የሆነ ሰው ጭቃ ውስጥ እንደፈለገ ቢንቦጫረቅ ችግር የለውም። ሕመም ያለበት ግን አንድ ነገር በልቡ ይያዝ፦ ጅማት ፍርዱን የሚሰጠው በሩጫው መካከል ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ነው። የሞቀ እግር ይዋሻል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚለካው በዚያ ጠዋት ነው።

1. የሚያመውን ቦታ በጣት ፈልጉ

ጅማቱን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሀል ይዛችሁ፣ ከተረከዝ አጥንት ጀምራችሁ ወደ ባት እየወጣችሁ ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጉት። ሕመሙ ከአጥንቱ ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነና ቦታው ወፈር ካለ የተጎዳው የጅማቱ መካከል ነው። ሕመሙ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን አያያዙ ይለያል። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ወደ ታች ማውረድ የመጀመሪያውን ሲጠቅም ሁለተኛውን ያባብሰዋል፤ ጅማቱን አጥንቱ ላይ ይጨፈልቀዋልና። ሁለተኛው ዓይነት ያለባችሁ እንቅስቃሴውን ሁሉ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ሥሩ። ባታችሁ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ ደግሞ ነገሩ የጅማት ላይሆን ይችላል፤ የደም መርጋት እንዳይሆን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።

ብዙ ሯጭ የማይጠየቀው ጥያቄ አለ። በቅርቡ ለሆድ ወይም ለታይፎይድ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወስዳችኋል? ይህ መድኃኒትና ወገኖቹ፣ ኖርፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን፣ የተረከዝ ጅማትን እንደሚያሳምሙ፣ አልፎ አልፎም እንደሚያስበጥሱ የታወቀ ነው። ጉዳቱ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። በዝናብ ወራት የሆድ ሕመም በሚበዛበትና ሲፕሮ ከየፋርማሲው በቀላሉ በሚገኝበት ከተማ ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። መልሱ አዎ ከሆነ ዘንድሮ ውድድሩን ተዉት። ገና እየወሰዳችሁት ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ያዘዘላችሁን ባለሙያ አነጋግሩ።

2. ሁለት ሳምንት ሲቀር እግሩን ፈትኑት

ጠፍጣፋ ወለል ላይ በባዶ እግር፣ በአንድ እግር ቆማችሁ ተረከዛችሁን ቀስ እያላችሁ 20 ጊዜ አንሡ። ጤነኛውን እግር አስቀድሙ፤ ማነጻጸሪያው እሱ ነው። ቀጥሎ በተጎዳው እግር ባላችሁበት 10 ጊዜ ዝለሉና ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። ከዚያ 30 ደቂቃ በዝግታ ሮጣችሁ ግቡ፤ ተኙ።

የእኔ መስፈሪያ ይህ ነው። ዝላዩ ላይ ሕመሙ ከ3 ካልበለጠና በማግስቱ ከአልጋ ስትወርዱ የሚሰማችሁ መገተር በ10 ደቂቃ ውስጥ ከለቀቀ ትሮጣላችሁ። 4 ወይም 5 ከሆነ፣ የጠዋቱ መገተር ግን ከወትሮው ካልጨመረ፣ ለደረጃ ሳይሆን ለመጨረስ ብቻ ትሮጣላችሁ። ከ5 ካለፈ፣ ወይም ተረከዛችሁን 20 ጊዜ ማንሣት ካቃታችሁ፣ ወይም ጠዋት ግማሽ ሰዓት የምታነክሱ ከሆነ ጃንጥላ ይዛችሁ ሄዳችሁ ለጓደኞቻችሁ አጨብጭቡ። በዚህ የመጨረሻው ላይ ድርድር የለም።

በሁለት ሳምንት ጅማት አይድንም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ በዓለም የታወቀው የስዊድኖች የተረከዝ ማውረድ ልምምድ እንኳ በቀን 180 ጊዜ እየተሠራ 12 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በቀረው ጊዜ የምትሠሩት ለማስታገስና ያለውን አቅም ላለማባከን ነው። በየቀኑ በሁለት እግር ጣቶች ላይ ከፍ ብላችሁ 45 ሰከንድ ያዙ፣ 2 ደቂቃ ዕረፉ፣ 5 ጊዜ ድገሙ። ይህ ለአንዳንድ ሰው ሕመሙን ወዲያው ሊያበርድለት ይችላል፤ ለማያበርድለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳውም። በየሁለት ቀኑ ደግሞ ክብደት ተሸክማችሁ ተረከዛችሁን አንሡ፣ አውርዱ፤ 10 ኪሎ ጤፍ በጀርባ ቦርሳ ከያዛችሁ ይበቃል። ሦስት ሰከንድ ወደ ላይ፣ ሦስት ሰከንድ ወደ ታች፣ 15 ጊዜ፣ በሦስት ዙር። ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ጤፉን ወደ ዕቃ ቤቱ መልሱት። ከባድ ሥራ የሠራ ጅማት ራሱን ለመጠገን ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል።

በዚህ ጊዜ ወጌሻ ጋ የሚሄድ አይጠፋም። ልምድ ያለው ወጌሻ ባትን ሲያፍታታ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል፤ እሱን ደስ ብሏችሁ ተቀበሉ። ጅማቱን ራሱን በአውራ ጣት ልጭመቀው ካለ ግን እግራችሁን ሰብስቡ። በጅማቱ ዙሪያ የስቴሮይድ መርፌ ልውጋ ለሚላችሁም መልሱ አይሆንም ነው፤ ሕመሙን ለጥቂት ሳምንታት ቢያጠፋም ጅማቱ የመበጠስ አደጋውን ይጨምራል።

3. ጫማውን በዋዜማው ሳይሆን ቀድማችሁ አዘጋጁ

ስፓይክ፣ ማለትም ሶሉ ሥር ሚስማር ያለው የሩጫ ጫማ፣ ለታመመ የተረከዝ ጅማት ጠላቱ ነው፤ ተረከዙ ከመሬት ጋር የተካከለ ስለሆነ ጅማቱን በየርምጃው ይስበዋል። ጭቃ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፦ ተረከዝ ለስላሳ መሬት ውስጥ ሲሰምጥ ጅማቱ ከተለመደው በላይ ይለጠጣል። ነገር ግን ያለ ስፓይክ በቀይ አፈር ተዳፋት ላይ መሮጥም እግርን ለወለምታ መስጠት ነው። መፍትሔው ተረከዙን ከውስጥ ከፍ ማድረግ ነው። ከጠንካራ ስፖንጅ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተረከዝ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ውፍረት ያለው ቁራጭ ቁረጡ፤ ወደ ፊት በኩል አሳሱት፤ ከጫማው የውስጥ ሶል ሥር በማስቲሽ አጣብቁት። በሁለቱም እግር መሆን አለበት። አንዱን ብቻ ከፍ ያደረገ ሰው የዳሌ ሕመም ጨምሮ ይመለሳል። እጃችሁ ለዚህ ካልተፈታ የሰፈር ጫማ ሰፊ በጥቂት ብር ይሠራዋል። ቁራጩ የእግራችሁን ተረከዝ ከጫማው አፍ በላይ ካወጣው ወፍሯልና አሳሱት።

ሚስማሩ 12 ሚሊ ሜትር ይበቃል። 15 ሚሊ ሜትር ለጥልቅ ጭቃ ጥሩ ነው፤ ሜዳው ላይ ደረቅና ጠጣር መንገድ ከተቀላቀለ ግን የእግሩን ፊት ከፍ ስለሚያደርገው ተረከዙ ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል፤ ያ ለእናንተ አይሆንም። ስፓይክ የሌላችሁ ጎርባጣ ሶል ያለው የተራራ መሮጫ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም በ5 ደረጃ ሕመም ለመጨረስ ብቻ ለሚሮጥ ሰው ከስፓይኩ ይልቅ እሱን እመርጥለታለሁ።

ማሰሪያውን ጭቃ እንዳይፈታው ሁለት ጊዜ ቋጥራችሁ ጫፉን ከሌላው ክር ሥር ክተቱት። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2008 በኤድንበርግ የዓለም አገር አቋራጭ ላይ ጫማው ከእግሩ ወልቆበት፣ ቆሞ አስተካክሎ፣ እንደገና መሪዎቹን ደርሶ አሸንፏል። ያ 11ኛው የአዋቂዎች የዓለም አገር አቋራጭ ድሉ ነበር። እናንተ ግን ቀነኒሳ አይደላችሁም፤ ጫማችሁ ጭቃ ውስጥ ከቀረ ውድድሩ አብሮት ቀርቷል። ማሰሪያው የላይኛው ቀዳዳ ድረስ ይታሰር፤ ሆኖም የጫማው የኋላ ጠርዝ ጅማቱን የሚፈገፍግ ከሆነ ያንን ጠርዝ በእጅ እያጠፋችሁ አለስልሱት።

4. ሜዳውን በእግር ዙሩት

የአዲስ አበባ ዳርቻ ሁለት ዓይነት ጭቃ ያበቅላል። በሱሉልታ ሜዳ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ አቅጣጫ የምታገኙት ጥቁር መረሬ ነው። በእንጦጦና በየካ ተዳፋቶች ላይ ደግሞ ከባሕር ዛፍ ሥር ያለው ቀይ አፈር። ባሕርያቸው ስለማይገናኝ ለሁለቱ አንድ ዓይነት አሯሯጥ አይሠራም።

ቀዩ ድጥ ነው። ከሥሩ ጠንካራ፣ ከላዩ እንደ ሳሙና። ጅማቱን ብዙም አይጎትትም፤ ቁርጭምጭሚትን ነው የሚያጠምደው። የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የተጋለጠ ሥር ሲጨመርበት ደግሞ የወረደ ሁሉ በመቀመጫው ይወርዳል። ጥቁሩ ማጥ ነው፤ እግርን ውጦ የሚይዝ። እዚህ ላይ ከድጡ ወደ ማጡ የሚለው አባባል ለታመመ ጅማት ቃል በቃል ይሠራል፤ ምክንያቱም በማጥ ውስጥ እያንዳንዱ ርምጃ ተረከዝን አስምጦ፣ ከዚያ ባትን አስጨንቆ ይነቅለዋል።

መረሬ ራሱ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ዝናብ እየወረደበት ወይም ወዲያው ካባራ በኋላ ውኃ የበዛበት ስለሆነ ያንሸራትታል እንጂ ብዙ አይጣበቅም። ክፉው ዝናቡ ከቆመ በኋላ ግማሽ ሲደርቅ ነው፤ ያኔ ሶሉ ሥር እየተጋገረ እያንዳንዱን ጫማ የድንጋይ ያህል ያከብደዋል። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ፣ ጠዋት የሚጠብቃችሁ በአብዛኛው ይኸው የሚጣበቀው ዓይነት ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ ለጅማታችሁ ደስ ይበላችሁ።

ዙሩ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። በዓለም ሻምፒዮና የአዋቂዎች ርቀት ዛሬ ለሴትም ለወንድም 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ዙር ላይ ይሮጣል፤ የሰፈርና የክለብ ውድድሮች ርቀትና ዙር ግን ሊለያይ ይችላል። ዙር ያለው ሜዳ ለታመመ ሰው በረከት ነው፤ አንድ ጊዜ የተጠና መንገድ በየዙሩ ያገለግላል። ከቻላችሁ በዋዜማው፣ ካልቻላችሁ በዕለቱ ጠዋት አንድ ዙር ተራመዱና እነዚህን አስተውሉ፦

ሣሩ የት ነው? ያልተረገጠ ሣር ሥሩ አፈሩን ስለሚይዘው ከመንገዱ ዳር ሁለት ሜትር ወጣ ማለት ብቻ ግማሹን ችግር ያቃልላል። ከብት የተረማመደበት ቦታስ? የከብት ሰኮና የወጋው መረሬ ላይ ላዩን እኩል ይመስላል፤ ውስጡ ጉድጓድ ነው። እዚያ ላይ ወለምታ የያዘው ሰው ጅማቱን ይረሳዋል። መታጠፊያው ላይ ውስጠኛው መስመር አጭር ነው፤ ግን ሁሉም የሚረግጠው እሱን ነው፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ በውጭ በኩል የሚዞር ይበልጣል። ቦይ ካለ መሻገሪያውን ምረጡ፤ ካስማና ገመድ ባለበት ደግሞ ከክልሉ አለመውጣታችሁን አረጋግጡ።

5. የውድድሩ ጠዋት

ውድድሩ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ 11 ሰዓት ተነሡ። ዳቦ በማር ከሻይ ጋር ወይም የለመዳችሁትን በሶ ውሰዱ፤ አዲስ ነገር አትሞክሩ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚኒባስ ተጨናንቆ መሄድ ብቻውን ጅማትን ያደርቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በፊት ድረሱ።

ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ይበልጣል። የክረምት ጠዋት ብርዱ ይታወቃል፤ የቀዘቀዘ ጅማት ደግሞ ግትር ነው። ማሟሟቂያችሁ ከሌሎቹ ይርዘም፦ 10 ደቂቃ ፈጠን ያለ ርምጃ፣ በጣቶች ላይ ከፍ ብሎ 45 ሰከንድ መያዝ 3 ጊዜ፣ 15 ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ በደረቅ ጫማ፣ ከዚያ ስፓይኩን አጥልቃችሁ በሣር ላይ 4 ጊዜ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ 80 ሜትር ሩጡ። ግድግዳ ገፍቶ ጅማትን ለረጅም ጊዜ መሳብ አያስፈልግም፤ ይልቁንም ጅማቱ አጥንት ላይ የታመመባቸውን ይጎዳል። እስከ መጨረሻው ጥሪ ድረስ ቱታችሁን አታውልቁ፤ ጋቢ የያዘ ዘመድ ካለ የበለጠ ነው።

ከሩጫ በፊት አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ መዋጥ የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክረውም። የሚያጠፋው በየዙሩ የምትሰሙትን ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያ ላይ ውኃ በቀነሰ ሰውነት ውስጥ ኩላሊትንና ጨጓራን ያስቸግራል።

6. ሩጫው

ሲነሡ አትሽቀዳደሙ። ከቆመ እግር የሚፈነዳ ርምጃ ጅማትን ከምንም በላይ ይጭነዋል፤ በመጀመሪያው 200 ሜትር ውስጥ የምታተርፉት ቦታም በሁለተኛው ዙር ጭቃው ራሱ ይመልስላችኋል። ዳር ቁሙ፤ በክርን ከመገፋፋትም ትድናላችሁ።

ማጥ ውስጥ ርምጃችሁን አሳጥሩ፤ ፍጥነቱን ከርምጃ ብዛት አግኙት። እግራችሁን በጣት ገፍታችሁ አትውጡ፤ ጉልበታችሁን ከዳሌ አንሥታችሁ እግሩን ከጭቃው ንቀሉት። መልኩ አያምርም። ሙሉ መርገጫችሁ በአንድ ጊዜ ይረፍ፤ ክብደቱ ስለሚከፋፈል ተረከዛችሁ ያን ያህል አይሰምጥም። ይህን አረጋገጥ በልምምድ ወቅት በሣር ላይ ሳትለምዱት በዕለቱ አይመጣም።

ዳገት የታመመ ጅማት የሚገመገምበት ቦታ ነው። ተዳፋቱ ተረከዝን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ጭቃው ደግሞ ይጨምርበታል። ቀጥ ብላችሁ ከመውጣት በሰያፍ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያላችሁ ውጡ፤ መንገዱ ሰፊ ከሆነ ይቻላል። ጠባብ ከሆነና ተዳፋቱ ከበረታ፣ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ ጭናችሁ ተራመዱ። በእንጦጦ ጭቃማ ዳገት ላይ የሚራመድና የሚሮጥ ሰው ልዩነታቸው ከምታስቡት በታች ነው፤ ሯጩ እላይ ሲደርስ ትንፋሹን ፍለጋ ይቆማልና። ቁልቁለቱ ለጅማቱ ቀላል ነው፤ እዚያ ላይ ቦታ ልታስመልሱ ትችላላችሁ። ወደ ኋላ ሳትቀመጡ፣ ክንዳችሁን ከፍታችሁ፣ ዐይናችሁን ከሦስት ሜትር ፊት አድርጋችሁ ልቀቁት።

ቦዩን ባትዘሉት ይሻላል። ወርዳችሁ ተሻገሩ፤ ውኃው ጫማውን ያጥብላችኋል። መዝለል ግድ ከሆነ በጤነኛው እግር ተነሡ፤ የተጎዳው ሲያርፍ በጣት ሳይሆን በሙሉ መርገጫ ይሁን።

7. በየዙሩ ቁጥር ስጡት

ሜዳው ላይ አንድ ቦታ ምረጡ፤ ዛፍ ወይም የሰንደቅ እንጨት። በየዙሩ እዚያ ስትደርሱ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። የመጀመሪያው ዙር ከፍ ብሎ ሁለተኛው ቢቀንስ የተለመደ ነው፤ ጅማት ሲሞቅ ይላላል። የሚያሳስበው ከቀነሰ በኋላ እንደገና መውጣቱ ነው። በአንድ ዙር ውስጥ 2 ቁጥር ከጨመረ፣ ወይም 5ን ካለፈ፣ ወይም ጓደኛችሁ ከዳር ሆኖ ታነክሳለህ ካላችሁ ውጡ። የመጨረሻውን አደራ አስቀድማችሁ ስጡት፤ የሚያነክስ ሰው ማነከሱ አይታወቀውም። አንድ ዙር ብቻ ቀረ የሚለው ሐሳብ ብዙ ጅማት አበላሽቷል። ቀነኒሳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በባት ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከውድድር ርቆ ነበር፤ ያን ያህል ጉልበት ያለው ሰው ከተያዘ የቅዳሜ ሯጭ ምን ይላል?

ድንገት ከኋላ በድንጋይ የተመታችሁ ከመሰላችሁና ዞር ብላችሁ ማንንም ካላያችሁ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በእግራችሁ አትቁሙበት። በሆዳችሁ ተኝታችሁ መርገጫችሁ ከጠርዝ ውጭ ተንጠልጥሎ ሌላ ሰው ባታችሁን ይጭመቅ፤ ጤነኛ ከሆነ መርገጫው በጣት ለመቆም እንደሚዘረጋ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ካልተንቀሳቀሰ በዕለቱ ወደ አጥንት ሐኪም።

8. ከመጨረሻው መስመር በኋላ

ወዲያው አትቀመጡ፤ ስፓይኩን አውልቃችሁ ተረከዙ ከፍ ባለ ደረቅ ጫማ 10 ደቂቃ ተራመዱ። በጀሪካን ያመጣችሁት ውኃና ሳሙና ለእግር ነው፤ ከብትና ፈረስ የሚውልበት ሜዳ ጭቃ ቁስል ውስጥ መቅረት የለበትም። የሚስማር ጭረት ካለና የቴታነስ ክትባታችሁ ከቆየ ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ። ያን ቀን ቤት ውስጥ በባዶ እግር አትመላለሱ።

በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዎቹን ርምጃዎች ቁጠሩ። መገተሩ እንደወትሮው ከሆነ ሁለት ቀን ዐርፋችሁ በደረቅ ሜዳ በዝግታ ጀምሩ፤ ጭቃ ለሁለት ሳምንት ይቅር። ከወትሮው ከጨመረ እስኪመለስ ድረስ ሩጫ የለም፤ በጣቶች ላይ መያዙን ብቻ ቀጥሉ፣ ብስክሌት ካላችሁ እሱን ንዱ። በሳምንት ውስጥ ካልተመለሰ ወይም ጅማቱ ካበጠ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይየው፤ 12 ሳምንቱንም ያኔ በትክክል ጀምሩ።

ጫማውን በፌስታል ቋጥራችሁ እንዳትረሱት። ጭቃው ሳይደርቅ አጥባችሁ፣ ሚስማሮቹን ፈትታችሁ ዘይት ቀቡ፤ ከዛጉ አይፈቱም። ውስጡን በጋዜጣ ሙሉና ማታ ላይ ጋዜጣውን ቀይሩ። ከሰል አጠገብ ካስቀመጣችሁት ማስቲሹ ይለቃል፣ ያጣበቃችሁት የተረከዝ ቁራጭም አብሮ ይወጣል።